አንቀጽ ዘጠኝ

አራት ገጽ ነው ውሉ፣ በየገጹ ማኅተም፤
ከዚራ፣ ከዛፉ ሥር፣ ሰኞ በጠዋቱ፣ ተፈራረምን በሰላም።
የግቢ በር አንድ፣ መስኮት ሰባት፣ የደረጃ እጀታ፣
የሁለት ዓመት ጥገና፤ ብሎን ሲላላ፣ ማጠፊያ ሲፈታ።
አንቀጽ ዘጠኝን ግን ያስገባሁት እኔ፣
ሳቢያን ላይ አንድ ቤት ሠርቼ፣ ከተቃጠለ ወዲህ ጎኔ፦
“ማናቸውም ለውጥ በጽሑፍ ይጠየቃል፤
ዋጋና ቀኑ ሰፍሮ፣ ሁለቱም ወገን ሲፈርም ይጸናል።”

ወይዘሮ ሂንዲያ አነበበች፣ መነጽሯን ከፍ አድርጋ፤
“ሰው ለጎረቤቱ እንዲህ ይጽፋል?” ብላ፣
ፈረመች፣ ዓይኗን ሳትነቅል ከዋጋ።
(ወይዘሮው በማግስቱ ቀረ፤ ድሬ ላይ አንቱታ ቶሎ ይረግፋል።)

ከዚያ ስልኬ ጠራ።
“ትንሽ ነገር ናት” አለች፣
“በሩ ወደ ውስጥ አይደለም፣ ወደ ውጭ ይከፈት።”
ማክሰኞ፦ “ትንሽ ነገር ናት፤ መስኮቱ ላይ አበባ ጨምርበት፣
እንደ ድሮው ባቡር ጣቢያ አጥር፣ ግን ያልተጠማዘዘ፣ ያልበዛበት።”
ሐሙስ ከታይዋን ገበያ፣ ከጫጫታው መሐል፦
“አረንጓዴው አስጠላኝ፤ ወተት ይሁን፤
የላም አይደለም፣ የግመል።”

ድሪብሳ ብየዳውን አቁሞ፣
“እንሥራላትና ትረፍ” ይለኛል፣ አሥሬ ደጋግሞ፤
“ትንሽ ነገር ናት።”
አዎ፣ ትንሽ ናት።
ደቻቱም ደረቅ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት፣
ደንገጎ ላይ ጠብ ጠብ ያለው ሁሉ በአንድ ሌሊት እስኪወርድበት።

ስለዚህ ቅጽ አሳተምሁ፣ ቁጥር ያለው፣ በካርቦን የሚገለበጥ፦
የተጠየቀው። የሚጨምረው ብር። የሚያዘገየው ቀን።
ለበሩ ሦስት ሺህ፤ ፈረመች።
ለአበባው ዋጋውን አይታ ዝም አለች፤ አበባው ቀረ።
ለግመሉ ወተት ምንም፤ የቀለሙ ጣሳ ገና አልተከፈተም ነበረ።
ቁጥር አራት ቁልፉን ዝቅ አደረገ፤
ቁጥር ስድስት መልሶ ከፍ አደረገው።
“አንተ ሰውዬ፣ ከብረት ወረቀት ይበልጥብሃል!” ብላ ጮኸችብኝ፤
እኔም በሆዴ መለስሁላት፣ በሰባት ሰዓት ሐሩር፣
ከተማው በሩን ዘግቶ ሲቅም፣ ጎኑን ጥሎ ሲያንቀላፋ፣
እኔ ካርቦን ስገለብጥ፣ ላቤ ፊርማዋን ሲያጠፋ።

በዘጠነኛው አልደወለችም።
በባጃጅ መጣች፣ ወደ ማታ።
ትንሽ ነገር ናት አላለችም።
ሥዕሉን ዘርግታ ጣቷን አሳረፈች፣ ሂናው በደበዘዘ ጥፍሯ፦
“እጀታው፣ ስትወጣ በግራ ነው።
ሙሜን ግን ከእንግዲህ
ቀኝ እጁ ብቻ ነው የሚሰማው።”

ቧንቧው ተቆርጧል፣ ተበይዷል፣
ግድግዳው በግራ በኩል ተሰርስሯል።
ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጥርላት ነበር፣ ከብሎን እስከ ሲሚንቶ።
ቅጹን ሳብሁ። ቁጥር ዘጠኝ።
የሚያዘገየው፦ ሁለት ቀን።
የሚጨምረው፦ ዜሮ።

አነበበችው። ብዕሬን ከእጄ ወሰደች።
ዜሮውን ሰርዛ፣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብላ ጻፈች፤
የቧንቧውን ዋጋ ድሪብሳን በር ላይ ጠይቃው ኖሯል።
“ዋጋው ይሰፍራል ይላል አንቀጽህ። ዜሮ ዋጋ ነው እንዴ?”
“ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት አይጸናም” አልኋት።
“እንግዲያው አዲስ ጻፍ” አለች፤
ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ የትም እንደማትሄድ።

ቁጥር አሥርን ገለጥሁ።
የሚጨምረው የሚለው ላይ ብዕሬ ቆመ፤
እሷ እጄን ታያለች፣ እኔ እጇን።
ከኋላችን መጋዝ ጮኸ፦
ድሪብሳ፣ ማንም ሳይፈርም፣
ቧንቧ መቁረጥ ጀምሯል።